ሁላችንም ያየነው ፊት

የግራ እግሬ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። በዚህ ምክንያት በዓመት አንድ ጊዜ፣ የጫማዬ ሶል ሲያልቅ፣ እንደኔ እግራቸው ለየት ላለ ሰዎች ጫማ ወደሚሠራ አንድ ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመትም የሄድኩት ለዚሁ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ግን የደረስኩበት ቀን አዲስ ሠራተኛ የሚመረጥበት ቀን ነበርና፣ ሳላስበው ከዳኞች አንዱ ሆንኩ። መምህር ነኝ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያን ሳምንት ያየሁትን ለተማሪዎቼም ለባልደረቦቼም ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ቆዳ የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት የስፌት መኪና አለ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ከጀሶ የወጡ የደንበኞች እግሮች ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። በበሩ አጠገብ በመጋረጃ የተከለለች ትንሽ ቦታ አለች፤ እግር የሚለካው እዚያ ነው።

ባለቤቱ ስልሳ አምስት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ልክነው»። ስሙ የወጣላቸው አንድ ነገር ተናግረው ሲያበቁ «ልክ ነው?» ብለው ስለሚጠይቁና፣ መልስ ሳይጠብቁ «ልክ ነው» ብለው ራሳቸው ስለሚዘጉት ነው። ጫማ በመሥራት የሚደርስባቸው የለም፤ ልባቸውም ቀና ነው። አንድ እምነት ግን ነበራቸው። ሰው በበሩ ገብቶ ወንበር እስኪይዝ ድረስ ማንነቱን አውቀው ይጨርሳሉ።

በቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት እግር ሲለኩ የኖሩት ሠራተኛ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ በጡረታ ስለወጡ ምትክ ይፈለግ ነበር። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወደዚያ ቤት የሚመጣው ሰው አብዛኛው እግሩን ለገዛ ዘመዱ እንኳ ማሳየት የማይወድ ነው። ካልሲውን አውልቆ ቀና ሲል የሚያየው ፊት፣ ሁለተኛ መምጣት አለመምጣቱን ይወስናል። ሳይመለሱ የቀሩ ብዙዎች አሉ። እኔ ራሴ አንድ ጫማ ሠሪ አንድ ጊዜ ስለሳቀብኝ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እያነከስኩ ኖሬያለሁ።

ስድስት አመልካቾች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ አንዱን እየጠሩ ሦስት አራት ደቂቃ ያነጋግሩና፣ ሲወጣ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው ፍርዳቸውን ይናገራሉ። ሰዎቻቸው ቆዳ ቆራጩ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ጫማ ሰፊዋና ዘበኛው ናቸው። ጋሼ እኔን ተራዬን ስጠብቅ አዩኝና፣ መምህር የሆነ ሰው ማወቁ አይቀርም ብለው ጨመሩኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰው መዝን ሲባል ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ጥግ ላይ የወንድማቸው ልጅ የደንበኞችን ካርድ ታስተካክል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተምራ አሁን እዚያው የምታስተምር ወጣት ናት፤ ሥራ በማይኖራት ቀን አጎቷን ታግዛለች።

መጀመሪያ የገባው ጥርሱ የማይከደን ጎልማሳ ነበር። ገና ሳይቀመጥ ዘበኛውን አሳቀው። ሰውየው ሲወጣ ጋሼ ደግ፣ ትዕግሥተኛና ታማኝ ነው አሉ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሁለተኛው ድምፁ አልሰማ ያለ ሰው ነበርና ደካማ ተባለ። ሦስተኛዋ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋት ረጅም ሴት ናት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ የተጠየቀችውን ብቻ አጠር አድርጋ መለሰች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ቀልድ ሲጥሉ፣ የከንፈሯ አንድ ጎን ብቻ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ። በሩን ዘግታ እንደወጣች ጋሼ ወንበራቸውን ገፉ።

«ይቺ ኩሩ ናት። ሰው ትንቃለች። አፏን እንዴት እንዳጣመመችብኝ አያችሁ? ልክ ነው? ልክ ነው» አሉ።

ሁላችንም ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ።

የወንድማቸው ልጅ ካርዶቹን አስቀምጣ፣ ካላስቆጣሁዎ አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ጠይቂ አሏት።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ሰው እንደምትንቅ በምን አወቁ?»

«በዓይኔ ነዋ ልጄ። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ቤት አላደጉም፣ አንድ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሁሉም ያየው ግን አንድ ነው። አንድ ሰው ይሳሳታል እንበል፤ አምስት ሰው አንድ ነገር ካየ ነገሩ አለ ማለት ነው።»

ለእኔ ይህ ጥሩ ማስረጃ መሰለኝ። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? አምስት ከአንድ ይበልጣል።

«ሐሳብዎ ጥሩ ነው» አለች በእርጋታ። «የምጠይቅዎ ግን፣ አምስት ሰው ነው ያየው? ወይስ አንድ ሰው አየና አራቱ ሰሙ?»

ጋሼ ሳቁ። የተማረ ሰው ቀላሉን ነገር ማወሳሰብ እንደሚወድ ነገሯት። እሷም አልተከራከረቻቸውም፤ በቀሩት ሦስት አመልካቾች እንሞክረው ብላ ለመነቻቸው። ሰውየው ሲወጣ ማንም ቃል አይተንፍስ፤ ሁሉም በየወረቀቱ ስለ አራት ነገር ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጥ፤ ተጫዋችነቱ፣ ንጽሕናና ሥርዓቱ፣ ደግነቱ፣ ታማኝነቱ። ጋሼ እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ስለነበሩ ወረቀቱን ራሳቸው ቆራርጠው አደሉን።

ሦስቱ ገብተው ወጡ። ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ ቁጥር የኔ ሙያ ነው ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። በተጫዋችነት በኩል አምስታችንም የሰጠነው ቁጥር ተቀራራቢ ነበር፤ ዝምተኛውን ሁላችንም ዝምተኛ፣ ለፍላፊውን ሁላችንም ለፍላፊ ብለነዋል። በንጽሕናም ያን ያህል አልተራራቅንም። ደግነት ላይ ስደርስ ግን የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ጀመርኩ። አራተኛውን አመልካች እትዬ በደግነት አምስት ስትሰጠው ቆራጩ አንድ ሰጥቶታል። ስድስተኛዋን ጋሼ እጅግ ታማኝ ብለዋታል፤ ዘበኛው ግን የመጋዘን ቁልፍ አይሰጣት ያለ ይመስል አንድ ሰጥቷታል። ታማኝነት የተባለው ዓምድ ዓይናችንን ጨፍነን የሞላነው ይመስል ነበር።

ጋሼ ወረቀቶቹን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞሩ።

«ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ከእኔ ጋር አንድ ነበራችሁ። አሁን ምን ነካችሁ?»

እትዬ የያዘችውን ክር ጠቀለለች። «ጠዋትማ ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ተናገሩ» አለች። «እርስዎ ከተናገሩ በኋላ የኔ ዓይን ምን ሊሠራ?»

ሌላ አሠሪ ቢሆን ይቆጣ ነበር። ጋሼ አልተቆጡም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብዙ ሰው የተስማማበት ይመስላቸው የነበረው ፍርድ የራሳቸው ድምፅ ማስተጋቢያ መሆኑን ያኔ የተረዱት ይመስለኛል። ቢሆንም እጅ አልሰጡም። ስለ ሦስተኛዋ ሴት እያንዳንዳችንን ጠየቁን፤ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ምን አስበን ነበር? እውነቱን ተናገርን። ቆራጩም፣ ዘበኛውም፣ እትዬም፣ እኔም ገና ስናያት ኩሩ ናት ብለን ነበር። ጋሼ ቀና አሉ።

«ይኸውልሽ። እዚህ ላይ ማንም ማንን አልሰማም።»

«አምናለሁ ጋሼ» አለች የወንድማቸው ልጅ። «እዚህ ላይ በእውነት ተስማምታችኋል። መስማማት ግን ልክ መሆን አይደለም። የተስማማችሁት ሁላችሁም ያያችሁት አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ያያችሁት ደግሞ አፏን ነው። ጠባይዋን ገና ማንም አላየውም።»

«አፍና ጠባይን ምን ለያያቸው?»

ተነሥታ ከመደርደሪያው አንዱን የጀሶ እግር አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ተረከዙ መሬት የማይነካ እግር ነው። የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ወዲያው አወቁት፤ የአንድ ግንበኛ እግር ነው፤ በሠራንለት ጫማ አራተኛ ፎቅ ድረስ መሰላል ይወጣል አሉ።

«ይህን እግር አሥር መንገደኛ በመስኮት ቢያየው፣ ስለ ሰውየው ምን ይላል?»

«መሰላል አይወጣም ይላላ።»

«አሥሩም?»

«አሥሩም» አሉና የጀሶውን እግር ወደ ራሳቸው ሳቡት።

እዚህ ላይ የኔም ልብ ተነካ። ሰው ገና ሲያየኝ እግሬን አይቶ ምን ያህል ጊዜ ስለ እኔ እንደወሰነ አውቃለሁ። በዚያ ስናደድ የኖርኩት ሰው፣ ያን ዕለት ጠዋት የአንዲትን ሴት ከንፈር አይቼ ራሴን ነቅንቄ ነበር።

ጋሼ፣ እንግዲያው ዓይን ከንቱ ነው ማለትሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እሷም አይደለም አለች። ተጫዋችና ዝምተኛ መሆን ውጭ ያለ ነገር ስለሆነ በአፍታ ይታያል፤ ወረቀቶቹም ይህንኑ አሳይተዋል። ደግነት፣ ትዕግሥትና ታማኝነት ግን ሰው ሲደክመው፣ ሲቸኩል፣ ወይም ማንም አያየኝም ሲል ነው የሚወጡት፤ ሦስት ደቂቃ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይታዩም።

«ዓይንዎን ይጣሉት አላልኩም» አለች። «የሚችለውን ብቻ ይጠይቁት። የቀረውን ሥራው ይንገርዎ።»

ከብዙ ማንገራገር በኋላ ሦስት ሰዎች ለግማሽ ግማሽ ቀን እውነተኛ ደንበኛ እየለኩ እንዲፈተኑ ተስማሙ። ሳቂታው ጎልማሳ፣ በወረቀታችን ላይ እንደዚያ ያለያየን አራተኛው ሰውና ያቺ ሴት ተጠሩ። ሴትዮዋን ያስጠሯት ለወንድማቸው ልጅ ሲሉ ብቻ መሆኑን ጋሼ አልደበቁም።

በዚያ ሁሉ ክርክር ጫማዬ ተረስቶ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ያለፉትን ሁለት ቀናት እትዬ አጫወተችኝ። ሳቂታው ሰው ደስ የሚል ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን አፉ እየሠራ እጁ ይረሳል፤ የሁለት ሰው ልክ አሳስቷል። አንዲት ወጣት ካልሲዋን ስታወልቅ ሊያጫውታት ብሎ ጣቶቿ የተጣሉ ይመስላሉ ቢላት፣ እግሯን ወንበሩ ሥር ደብቃ ሁለተኛ አላወጣችም። አራተኛው ሰው ደግሞ ንጹሕና ትክክለኛ ነው፤ ሰዓቱን ግን በየደቂቃው ያያል። እትዬ በደግነት አምስት የሰጠችው እሷ ራሷ ስለነበረች እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ ያገኘሁት ያቺን ሴት ነው። አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀሶው የሚበጠበጥበትን ውኃ ሙቀት በእጇ አንጓ ትለካ ነበር። እግሬን ከማየቷ በፊት አሮጌ ጫማዬን ጠየቀችኝ። ገልብጣ ሶሉን ተመለከተች፤ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ እግሬን ጭኗ ላይ በዘረጋችው ፎጣ አሳርፋ ጠየቀችኝ።

«ደረጃ ሲወርዱ የሚያምዎት ቀኝ ጉልበትዎ ነው አይደል?»

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። የቀኙ ሶል ከውጭ በኩል ስለተበላ ክብደቴን ወደዚያ እንደምጥል እንደገባት ነገረችኝ። ለዓመታት የግራውን ጫማ ሶል ብቻ ሲያወፍሩልኝ ኖረዋል፤ ስለ ቀኝ ጉልበቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማጉረምረም እንዳይሆን ብዬ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጀሶውን በቀስታ መቀባት ጀመረች፤ እየሠራችም፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደምትናገረው ባለ ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ።

«አስቀድሜ ልንገርዎ፤ የፊቴ ግራ ጎን አይንቀሳቀስም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ታምሜ ነው። ስስቅ ግማሹ ብቻ ነው የሚስቀው። የናቅሁት የሚመስለው ሰው ስላለ ነው የምነግርዎ።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን እግሬ በእጇ ነበርና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። «ባለፈው ‹ኩሩ ናት› ሲባል ራሳቸውን ከነቀነቁት አንዱ እኔ ነኝ።»

እጇን አላቆመችም። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች። «ከአራት ቦታ ተመልሻለሁ። በአራቱም ቦታ ያሉት ሰዎች ተስማምተው ነበር። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።»

መጋረጃው ጨርቅ ነው፤ ድምፅ አይከለክልም። የቆራጩ ቢላ ቆመ፤ የስፌት መኪናውም ቆመ። ጋሼ መጋረጃውን ገልጠው ገቡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አፏን አጣመመችብኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አሏት። «እነዚህ ሰዎች በልባቸው ቢያስቡትም፣ ቀድሜ ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በቀልዴ እየሳቅሽልኝ ነበር ለካ።»

«ቀልዱ ጥሩ ነበር ጋሼ» አለች። የከንፈሯ ቀኝ ጎን ከፍ አለ፤ አሁን ግን ሁላችንም ምን እንደሆነ አወቅን።

ሽማግሌው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ ብል ማጋነን ነው። ዛሬም ቶሎ ይፈርዳሉ፤ ዛሬም «ልክ ነው» ይላሉ። ግን ልማዳቸውን ለወጡ፤ ልማድን መለወጥ ደግሞ ልብን ከመለወጥ ይቀላል። አሁን በዚያ ቤት ሰው ሲቀጠር ሁሉም ሳይነጋገር ይጽፋል፤ ጋሼ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ግራ የገባቸውን ነገር ከመፍረድ ይልቅ አክብረው ይጠይቃሉ። ሥራ ፈላጊው ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ይሰጠዋል፤ ከጠባዩ ይልቅ ሥራው ይመዘናል።

ጥቅሙም ሳይውል ሳያድር ታየ። ያቺ ሴት እግር ለኪ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ፣ አንድ ጊዜ መጥተው የጠፉ ደንበኞች ይመለሳሉ፤ ጫማ ልኩ አልሆነም ተብሎ የሚመለስም የለም ማለት ይቻላል። እግሯን የደበቀችው ወጣት ከእናቷ ጋር መጥታ ተለክታለች። ሳቂታው ጎልማሳም አልተጣለም። ተጫዋችነቱን ሁላችንም ሳንሳሳት አይተነው ነበርና፣ ጋሼ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ እየዞረ እንዲህ ያለ ጫማ መኖሩን እንዲናገር ቀጠሩት፤ ሰው ሰብስቦ ያመጣል። እኔም በትምህርት ቤታችን፣ አዲስ ተማሪ በገባ ቀን መምህራን ክፍል ተቀምጠን «ይኼ አስቸጋሪ ነው፣ ይቺ ጎበዝ ናት» የምንባባለውን ነገር አስቀርቼያለሁ። አንድ ወር ሳናስተምረው ስለ ማንም ልጅ ጠባይ አንናገርም። ቀኝ ጉልበቴም ደረጃ ስወርድ አያመኝም፤ ለዚህ ደግሞ ያቺን ሴት በየደረጃው አመሰግናታለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ያጫወቱኝን ነግሬያችሁ ላብቃ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ሥራ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ቀና ብሎ ስላላያቸው ዓይኑ የሌባ ነው ብለው መልሰውት ነበር። ያን ጊዜም ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ከለኪዋ ጋር ከተነጋገሩ ወዲህ ሰውየው ከሐሳባቸው አልወጣ ብሎ፣ አጠያይቀው ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ሄደው አገኙት። ቦርሳ የሚሠራ ቤት ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ሆኗል፤ ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ነበሩ። ያኔ ሲመልሱት በሩ ክፍት ስለነበር ያሉትን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሥራ ለመጠየቅ ለወራት እንደፈራ ነገራቸው። ጋሼ ይቅርታ ሲጠይቁ እስኪጨርሱ አዳመጣቸው፤ ከዚያ ቤቱን አስጎበኛቸው፤ ሲመሽም ቦርሳቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው።

እንግዲህ ሰውየውን አወቁት ማለት ነው አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ መምህር» አሉኝ። «አንድ ከሰዓት ነው አብሬው የዋልኩት። ዛሬም ቀና ብሎ አያይም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። ይህችን በማወቄ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ የቀረውን ገና አላውቅም።»